የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የአሥር ዓመት ወጪ



እንደምታውቁት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪኩ አውቶሞቢል በዚህ በገርጂ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ሳይቀር የተለመደ ሆኗል። ገዢው ዛሬ የሚጠይቀው የመሸጫውን ዋጋ ነው፤ የእኛ ጥያቄ ግን የአሥር ዓመቱ ወጪ ሊሆን ይገባል።

በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ አውቶሞቢል በአሥር ዓመት 8,000 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል። በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጀው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለዚሁ ጉዞ 15,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቢጨምርም፣ ብልጫው የኤሌክትሪኩ ነው። የሞተር ዘይትና የዘይት ማጣሪያ ወጪም የለበትም።

ዋናው ጉዳይ ባትሪው ነው። የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ የብር ተመንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ይወሰናል። ይሁንና የ50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ እንኳ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ ለከተማ ምልልስ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ባለቤቱን ይበልጥ የሚጎዳው የባትሪው ማርጀት ሳይሆን፣ ጥቂት ሴሎች በተበላሹ ጊዜ የሚጠግን ባለሙያ አጥቶ ሙሉውን ለመለወጥ መገደዱ ነው።

ይህን ወጪ ማቃለል የሙያችን ድርሻ ነው። የባትሪን አቅም ለክቶ ማስረጃ የሚሰጥ፣ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ የሚቀይር፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ጥንቃቄ የሠለጠነ ባለሙያ ዛሬውኑ ልናፈራ ይገባናል። አውቶሞቢሎቹ ካረጁ በኋላ የሚደረግ ዝግጅት ለባለቤቶቹ አይደርስላቸውም።