ከአንቴናው በፊት ገመዱ



ዛሬ የምናገረው ከመረጃ መዝጋቢ መሣሪያ እስከ ራዲዮ ሞደም ስለሚዘረጋው አጭር ገመድ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ በአንድ ወንዝ ዳር በተተከለ የውኃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያ ባልደረቦቼና እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አንቴና ስናዞር ቆይተን፣ ጥፋቱን ያገኘነው አንድ ክንድ በማይሞላው በዚሁ ገመድ ላይ ነበር።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የወጣው አርኤስ-232-ሲ የተባለው ደንብ መሣሪያዎችን በሁለት ወገን ይከፍላል። አንደኛው እንደ ኮምፒዩተር ያለው የመረጃው ባለቤት፣ ሁለተኛው እንደ ሞደም ያለው አሻጋሪ ነው። የእግሮቹ ስም የተሰጠው ከኮምፒዩተሩ አንጻር ስለሆነ፣ በሞደሙ ላይ «ላኪ» የተባለው እግር በተግባር ተቀባይ ነው። ስለሆነም ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ገመዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንድ ዓይነት ወገን ያላቸው ሲገናኙ ግን የመላኪያውና የመቀበያው ሽቦ መሻገር አለበት። በኮምፒዩተሩ በኩል፣ ባለ 25 እግሩ ማገናኛ በ2 ይልካል፣ በ3 ይቀበላል፤ የጋራ መሬቱ 7 ነው። ባለ 9ኙ ግን በ3 ይልካል፣ በ2 ይቀበላል፤ መሬቱም 5 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥርጣሬ ሲፈጠር ቮልት መለኪያ ይፈርዳል። መስመሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚልከው እግር ከመሬቱ አንጻር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቮልት የሚደርስ ኔጋቲቭ ያሳያል፤ ያልተገናኘ ተቀባይ እግር ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው።

በእኛ ጣቢያ ሦስቱ ሽቦዎች በትክክል ተገናኝተው ነበር። ፍጥነቱም በሁለቱም በኩል 9600 ቢት በሰከንድ፣ 8 የመረጃ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 የማቆሚያ ቢት ተብሎ ተስተካክሏል። የሙከራው አጭር መልእክት ሳይጓደል ደረሰ፤ የቀኑ ዘገባ ግን መጨረሻው እየተቆረጠ መጣ። ራዲዮው በአየር ላይ የሚያስተላልፈው በ4800 ብቻ ነበርና ትርፉ በሞደሙ ጊዜያዊ ማከማቻ ይጠራቀማል፤ ማከማቻው ሲሞላ ሞደሙ በ8ኛው እግር «ቆይ» ቢልም፣ ያን ምልክት የሚያደርስ ሽቦ አልነበረም። ዘገባው ከጧቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ስለሚላክ፣ የሚጠፋው የመጨረሻው ልኬት ነበር፤ ጎርፍ በሚያሰጋበት ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚፈለገውም እርሱ ነው።

7ኛውንና 8ኛውን እግር አገናኝተን መዝጋቢው ምልክቱን እንዲያከብር ካዘዝነው በኋላ ዘገባው ሙሉ ሆነ። አንቴናው ከመጀመሪያውም ደኅና ነበር።

እንግዲህ ወደ ማማው ከመውጣታችን በፊት ገመዱን እንመርምር። ሙከራችንም ሁለት ቃል ሰላምታ በመላክ አይወሰን፤ ጣቢያው ከሚልከው ሁሉ ረጅሙ ዘገባ እስከ መጨረሻው መስመር መድረሱን ሳናይ «ሥራው ተጠናቋል» ብለን አንፈርም።