የባዮሎጂ ዲግሪ የሚታቀደው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው «ዘንድሮ ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆቻችን የሚጠቅም ነገር ንገርልን» ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። የምነግራችሁ ራሴ የተሳሳትኩበትን ነው።

12ኛ ክፍል ጨርሼ በዲቪ ሜሪላንድ ገባሁ። ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀመርኩ። ፍላጎቴ ባዮሎጂ ነበር፤ ኮርስ የመረጥኩት ግን በሥራ ሰዓቴ ነው። ኬሚስትሪና ሒሳቡን «እንግሊዝኛዬ እስኪሻሻል» ብዬ አቆየኋቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሶሲዮሎጂ፣ ሥነ ምግብና አንድ የባዮሎጂ ኮርስ ወሰድኩ። ሁሉንም ኤ አመጣሁ። ኤ ስላመጣሁም መንገዱ ትክክል መሰለኝ። ያ የባዮሎጂ ኮርስ ግን ባዮሎጂ ለማያጠኑ ተማሪዎች የተዘጋጀ ስለነበር ለዲግሪዬ አልተቆጠረልኝም።

በአምስተኛው ዓመት እናቴን «ግንቦት ላይ እመረቃለሁ» ብዬ ጠራኋት። ቪዛም ተሰጣት። የምርቃት ማመልከቻ ሳስገባ 120 ክሬዲት ሞልቶልኛል፤ ነገር ግን ባዮኬሚስትሪ ይጎድልሃል ተባልኩ። እሱን ለመውሰድ ያኔ ገና እየተማርኩት የነበረውን ሁለተኛውን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጨረስ ነበረብኝ። በዚያ ላይ ኮርሱ የሚሰጠው በፎል ብቻ ነው። እናቴ ግንቦት መጣች፤ ምርቃት የለም። «አይዞህ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው» አለችኝና ድፎዋን ደፍታ ለጎረቤት አበላች። ነሐሴ ላይ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ ታኅሣሥ ላይ ተመረቅሁ፤ ፎቶውን በስልክ ላኩላት። ሰነፍ ሆኜ አልነበረም፤ ኮርሶቹን በቅደም ተከተል ስላልያዝኳቸው ነው።

ይህ በብዙዎቻችን ቤት የሚደርሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አብዛኛውን ኮርስ አይመርጥም። ዲፓርትመንቱ የደረደረውን ከባቹ ጋር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ወላጆቻችን «አጥና፣ ክፍል እንዳትቀር» ይሉናል እንጂ «ምን ወሰድክ? ለምን?» ብለው አይጠይቁም። እዚህ ግን መደርደሩ የተማሪው ሥራ ነው። አማካሪ አለ፤ ሆኖም አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪ ስላለበት ቀድሞ ያልጠየቀውን ተማሪ ፈልጎ አይመጣም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የባዮሎጂ ዲግሪን ዕድሜ የሚወስነው በአብዛኛው ኬሚስትሪው ነው። ጀነራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ይህ አምስት ሴሚስተር ነው። በመጀመሪያው ፎል የጀመረ ተማሪ ባዮኬሚስትሪ የሚደርሰው በሦስተኛው ዓመት ፎል ነው። አንድ ዓመት ያቆየ በአራተኛው ዓመት ይደርሳል፤ ሁለት ዓመት ያቆየ እንደ እኔ ምርቃቱ ያልፈዋል። ነገሩ እንደ ጤፍ ሊጥ ነው፤ ሳይቦካ እሳት ብናበዛ እንጀራ አይወጣውም።

ከኬሚስትሪው በር ላይ ደግሞ ሒሳብ ቆሟል። የምደባ ፈተናው ዝቅ ያለ የአልጀብራ ክፍል ውስጥ ካስገባችሁ ጀነራል ኬሚስትሪ ሊዘገይ ይችላል፤ ፕሪካልኩለስና ካልኩለስም ወደ ኋላ ይገፋሉ። ስለዚህ ለምደባ ፈተናው ሳይዘጋጁ አይግቡ። ክረምቱን ሒሳብ ሲከልስ የከረመ ልጅ አንድ ሴሚስተር ሊያተርፍ ይችላል። አባቶቻችን ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የክሬዲት ሒሳብ ነው። ለገንዘብ ድጋፍ 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ተማሪ ያሰኛል። ግን 12 በስምንት ሴሚስተር ሲባዛ 96 ነው፤ ዲግሪው 120 ይፈልጋል። በአራት ዓመት ለመጨረስ በሴሚስተር 15 ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የጎደለውን በክረምት ኮርስ መሙላት ነው። የፌደራሉ ፔል ግራንትም ገደብ አለው፤ በዕድሜ ልክ የሚከፈለው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው። ለዲግሪው በማይቆጠር ኮርስ የጠፋ ሴሚስተር ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

ሥራ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ላቡን አስቡበት። የሳይንስ ኮርስ ከሌክቸሩ ሌላ በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ላብ ይኖረዋል፤ ሪፖርቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። በአንድ ሴሚስተር ላብ ያላቸው ሁለት ኮርሶች ይበቃሉ፤ የቀረውን በእንግሊዝኛ፣ በታሪክ ወይም በሌላ አጠቃላይ ኮርስ ሙሉት። ሦስት ላብ ደርቦ በአንዱ ዲ ያመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ኮርሱን መድገም አለበትና የቸኮለው ይዘገያል።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ገንዘብ ይቆጥባል፤ እኔም አደረግሁት። ግን ኮርስ ስትመርጡ የምትማሩበትን ኮሌጅ ብቻ ሳይሆን የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ዘርግታችሁ ይሁን። በሜሪላንድ አርትሲስ የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት የትኛው ኮርስ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ በምን እንደሚቆጠር ያሳያል። ክሬዲቱ «ተቀባይነት አለው» ማለትና «ለሜጀሩ ይቆጠራል» ማለት አንድ አይደሉም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምረው ለሚመጡ ዘመዶቻችሁም ንገሩልኝ፤ ከመነሳታቸው በፊት ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትና የየኮርሱን ይዘት መግለጫ ይያዙ። ከዚህ ሆኖ ማስላክ ወራት ይፈጃል።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ባዮሎጂ ማለት ሐኪምነት ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባትም ባዮሎጂ መማር ግዴታ አይደለም፤ የሚጠየቁትን ኮርሶች መጨረስ ነው። ነርሲንግ የምትፈልግ ልጅ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂም ያስፈልጋታል፤ የእሷ መንገድ ከባዮሎጂው ይለያል። ምርምር የሚፈልግ ደግሞ ጄኔቲክስንና ስታቲስቲክስን ቀድሞ ይያዝ፤ የመምህር ላብ ውስጥ ለመግባትም በሁለተኛው ዓመት ይጠይቅ። ልጁ የትኛውን እንደሚፈልግ በጊዜ ካልተነጋገርን ሁለቱንም መንገድ ግማሽ ግማሽ ሄዶ ይቀራል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ከመካከላችን ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ መምህራን አሉ። በየዓመቱ የፎል ምዝገባ ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰብሰብ። እያንዳንዱ ተማሪ ስምንት ሳጥን ያለው ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ አንድ ሳጥን ለአንድ ሴሚስተር። ኬሚስትሪውንና ሒሳቡን መጀመሪያ እንጻፍ፤ ሌላው በዙሪያቸው ይገባል። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ ኮሌጁ አማካሪ ይሂድ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቡናና ሁለት ሰዓት ይበቃል። እኔ የመጀመሪያው ፈቃደኛ ነኝ፤ ስሜን መዝግቡ።

እስከዚያው ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጃችሁን «ውጤትህ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉት። «አሁን የያዝከው ኮርስ ቀጥሎ የትኛውን ይከፍትልሃል?» በሉት። መልስ ካጣ አትቆጡት፤ ወረቀቱን አውጡና አብራችሁ ጻፉ።