መድኃኒት እስከ መቼ?

በዚህ ማለዳ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፍረው ለድብርት ወይም ለጭንቀት ሕክምና ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄዱ አሉ። «ተሽሎኛል፤ መድኃኒቱን እስከ መቼ ልውሰድ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሐኪም ጋር ይፈለግ። በ2014 ዓ.ም. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የድብርት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱና ለማቆም የተዘጋጁ 478 ሰዎችን ተከታትሏል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀጠሉት 39 በመቶው፣ ቀስ በቀስ ካቆሙት ደግሞ 56 በመቶው ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል። ማቆም አደጋ አለው፤ ሆኖም ካቆሙት ብዙዎች በደኅና ከርመዋል።

«ካገረሸ ለምን ይሞከራል?» የሚል ይኖራል። በመድኃኒቱ ምክንያት የመጣ የክብደት መጨመር ወይም የወሲብ ስሜት መቀነስ ኑሮውን ያከበደበት ሰው ግን ሊመዝነው መብቱ ነው። «ጸበል ከጀመርኩ ይበቃኛል» ለሚልም፣ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተምረዋል። በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ሕመሙ የተመለሰ ያስመስላል። ስለዚህ መጠኑ በሐኪም ክትትል፣ በሳምንታትና በወራት ይቀነስ፤ ቤተሰብም ይወቅ። ካገረሸም ወደ መድኃኒቱ መመለስ ሽንፈት አይደለም።