መቻልና ማለቅ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



በቋንቋችን «ቻለ» የሚለው ግሥ ሁለት ትርጉም አለው። አንድን ነገር ለመሥራት ዐቅም አገኘ ማለት ነው፤ ደግሞም መከራን ታገሠ፣ ሸክምን ተሸከመ ማለት ነው። በሥራ ቦታችን አንዱን ሰው «ቻይ ነው» ብለን ስናመሰግን ሁለቱን ትርጉሞች አንድ እናደርጋቸዋለን፤ የሚታገሥ ሁሉ መሥራትም የሚችል ይመስለናልና። ስለ ሥራ ዝለትና ስለ መንፈስ ጽናት እንድናገር ስጠየቅ ሐኪም ሳልሆን እሺ ያልሁት ይህ መመሳሰል እኔንም ስላሳሳተኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ የድልድዮች ተቆጣጣሪ ነበርሁ። በ14 ወር ውስጥ ያረፍሁት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ቀን ሳይት፣ ማታ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ሌሊት ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ የሚመጣ ጥያቄ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮንክሪት ሙሌት ፈቃድ ቀረበልኝ፤ ከመኪና ሳልወርድ ፈረምሁበት። ማታ አባቴ የሚሆኑ አንድ ፎርማን ወደ ካምፑ መጡና ከበር ላይ ቆመው፣ «ኢንጂነር፣ ከምሰሶው በላይ ያለውን የላይኛውን ፌሮ ቆጥረውታል?» አሉኝ።

«አልቆጠርሁም፣ ጋሼ» አልሁ።

በባትሪ ብርሃን ወርደን ቆጠርን። ከ24ቱ ፌሮ 6ቱ አልገቡም ነበር። ተከታታይ በሆነ ድልድይ ላይ፣ በምሰሶው አናት፣ የላይኛው ፌሮ ቢጎድል ምን እንደሚከተል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም። ፎርማኑ ላባቸውን ሲጠርጉ እኔ ምንም አልተሰማኝም፤ አላፈርሁም፣ አልደነገጥሁም። ከዚያ በኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያስፈራኝ ይኸው ነበር።

ያ ወር ደመወዜና አበሌ ከምንጊዜውም የበለጠበት ወር ነበር። ቤት ስገባ የአራት ዓመት ልጄ እናቷን፣ «ይሄ የስልኩ አባባ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን ሲተረጉም፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ፣ ከግቡና ከተስፋው አንጻር፣ የራሱን ኑሮ የሚያይበት እይታ ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ብመዘን የእኔ ኑሮ የባንክ ደብተሬ ከሚያሳየው እጅግ ያነሰ ነበር።

ይህ ነገር በእንግሊዝኛ «በርን አውት» ይባላል፤ ነዶ ማለቅ እንደ ማለት ነው። ቃሉን በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ ሥነ ልቡና ጽሑፍ ያስገቡት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ቀን በግል ክሊኒካቸው፣ ማታ ደግሞ በኒውዮርክ ነጻ ክሊኒክ ውስጥ በፈቃደኝነት ሲሠሩ የራሳቸውንም ማለቅ ያዩ ሰው ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን መለኪያ አወጡለት፤ ሦስት ገጽም ሰጡት። የመጀመሪያው የስሜት መሟጠጥ ነው፤ ሁለተኛው ለሰውና ለሥራ መቀዝቀዝ፣ ሦስተኛውም «የሠራሁት ምንም አይረባም» ማለት። እኔን የያዘኝ በተለይ ሁለተኛው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ዝለት በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ በአግባቡ ካልተያዘ ውጥረት የሚመጣ የሥራ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎታል። ምንጩ ሥራው መሆኑን ልብ በሉ።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ልንገነዘብ የሚገባን ከሌላው ሰው ቀድመን ነበር። በግንቦት 1842 እ.ኤ.አ. ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። አክስሉ ከዚያ በፊት ያንኑ ጭነት ሲሸከም ኖሯል። ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር አክስሎችን ደጋግሞ እየፈተነ ምክንያቱን አሳየ፤ ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው ጭነት በእጅጉ ባነሰ ጭነት፣ ጭነቱ ከተደጋገመ፣ ይሰበራል። ከቮለር ወዲህ የተሰበረን አክስል «ጽናት ጎደለው» ብሎ የሚወቅስ መሐንዲስ የለም። ጭነቱን እንመረምራለን፤ ቅርጹን እናስተካክላለን። የተሰበረው ሰው ሲሆን ግን ወቀሳው ወደ ሰውየው ይሄዳል።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይከሽፋል። የተሰነጠቀ ብረት ቢያርፍ አይድንም፤ ሰው ግን ያገግማል፣ ዕረፍቱ እውነተኛ ዕረፍት ከሆነ። ስልኩ ከትራሱ አጠገብ የሚጮህበት ሰው አላረፈም።

የመንፈስ ጽናትን ማጣጣሌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እንቅልፍ፣ የእግር ጉዞ፣ ጸሎት፣ ምሥጢር የሚካፈል ወዳጅ፣ ሁሉም ረድተውኛል። ነገር ግን የሠራተኛውን ጭነት እንደነበረ ትቶ ስለ ጽናት ሥልጠና የሚልክ አለቃ የተሰነጠቀ ቢም ቀለም እንደሚቀባ ሰው ነው።

አንጋፋ ባልደረቦቻችን «እኛ በድንኳን አድረን፣ በበቅሎ ተጉዘን ሠርተናል» ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ አከብራቸዋለሁም። ሆኖም ፀሐይ ስትጠልቅ የእነርሱ ቀን ያልቅ ነበር። ደግሞም የሥራ ብዛት ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። ሮበርት ካራሴክ በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ሰውን አብዝቶ የሚጎዳው ብዙ የሚጠየቅበት፣ ጥቂት የሚወስንበት ሥራ ነው። የሳይት መሐንዲስ ማለት ይኸው አይደለምን? ፊርማው የእርሱ፣ ፕሮግራሙ የሌላ።

የሰዓቱም ጉዳይ ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱንም ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኗል። በዚያ ሳይት እኔ 12ቱን ረቡዕ ማታ ላይ እጨርሰው ነበር።

ዛሬ ጥቂት መሐንዲሶችን እመራለሁ። የዓመት ዕረፍታቸውን እንደ ማንኛውም ሥራ በፕሮግራሙ ባር ቻርት ላይ አስገባለሁ፤ ተተኪው ሰውም በስም ይጻፋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አደጋ ካልሆነ በቀር አንደውልም። የሙሌት ፈቃድ በሁለት ሰው ይፈረማል፤ ሁለተኛው ፈራሚ የዚያን ዕለት ፈረቃ ያልሠራ ነው። ይህ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንድ የሥራ ተቋራጭም ተቆጥቶ ጽፎልኛል። ማኅበራችን በሚያዘጋጃቸው የሙያ መመሪያዎች ውስጥ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንዲያስገባ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለመከራከርም ዝግጁ ነኝ።

የጎደሉትን 6 ፌሮ ፌራዮዎቹ በማግስቱ አስገቧቸው። ሙሌቱ በአንድ ቀን ተኩል ዘገየ። ስለ መዘግየቱ የተጻፈብኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።