ከመፈረማችን በፊት እናስላ
መኪና የገጨው ሰው ቤት ሽማግሌ ቶሎ ይደርሳል። መታረቅ መልካም ነው፤ ግን የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን በመቶኛ ሳይወስን «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ አትፈርሙ። እንጀራ ሸጣ በወር 3,000 ብር የምታተርፍ እህት 40 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት ቢደርስባት፣ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400፣ በ10 ዓመት 144,000 ብር ታጣለች። ሕክምናው ገና አልተደመረም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ይርጋ ሊያግደው ይችላል። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የፖሊስ ማስረጃና የሽያጭ ደብተር በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ደመወዝ የላትም ማለት ገቢ የላትም ማለት አይደለም፤ ደብተሯ ይመስክርላት።