ስም ያለው ክፍተትና ስም የሌለው ክፍተት፦ የኮምፒዩተር ደኅንነት መመርመሪያዎች ግኝቶቻቸውን ከመለያ ቁጥር ጋር ስለሚያገናኙበት መንገድ



መልካ የሚለው ቃል በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በድሬዳዋ አስተዳደር የሚገኘው የመልካ ጀብዱ አካባቢም ዛሬ ከወንዝ ይልቅ የዕቃ መሻገሪያ ሆኗል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የሀገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና፣ እንዲሁም ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው የባቡር መሥመር አካባቢውን ከባሕር በር ጋር አስተሳስረውታል።

የድሬዳዋ ሰው የጋራ መለኪያ አለመኖር ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ከተማዋ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም ሐዲዶች በየራሳቸው የተሟሉ ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። በአንጻሩ የኮንቴነሩ ነገር ሲታይ፣ በጎኑ ላይ የተጻፉት አራት ፊደላት፣ ስድስት አኃዞችና አንድ የማረጋገጫ አኃዝ በመርከብ፣ በባቡር፣ በጉምሩክና በደረቅ ወደብ አንድ ዓይነት ትርጉም አላቸው። ቋንቋቸው የማይገናኝ አራት ሠራተኞች ስለ አንድ ኮንቴነር ያለ ስህተት ሊነጋገሩ የሚችሉት በዚህ ቁጥር አማካይነት ነው።

የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የደኅንነት ክፍተት ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ የጋራ ቁጥር አልነበረውም። አንዱ መመርመሪያ ክፍተቱን በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ሌላው በሌላ ስም ይመዘግበዋል፤ የፕሮግራሙ ሠሪ ድርጅትም በሦስተኛ ስም ማረሚያ ያወጣለታል። በዚህም ምክንያት ሁለት መመርመሪያዎችን የገዛ ድርጅት አንድን ክፍተት ሁለት አድርጎ ይቆጥር፣ ወይም ሁለቱን እንደ አንድ አይቶ ያልፍ ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ ማይተር በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ማንና ስቲቨን ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ላይ አንድ የጋራ መዝገብ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይም ሲቪኢ የተባለው መዝገብ 321 ክፍተቶችን ይዞ ለሕዝብ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ አዳዲስ መለያዎች ወጥተዋል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሲቪኢን ስም የሚያወጡት ግን ሥልጣን የተሰጣቸው ተቋማት ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የፕሮግራም ሠሪ ድርጅቶች ናቸው። አንድ መለያ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የመዝገቡ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ተራ ቁጥር ናቸው። ለምሳሌ ሲቪኢ-2014-0160 የሚለው መለያ ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘውንና «ሃርትብሊድ» የሚል ቅጽል የወጣለትን ክፍተት ያመለክታል። ዓመቱ ቁጥሩ የተያዘበትን ወይም ክፍተቱ የታወጀበትን ጊዜ እንጂ ክፍተቱ የተፈጠረበትን ጊዜ እንደማያሳይ ልብ ማለት ይገባል። ሃርትብሊድ በ2014 ቢታወቅም ስህተቱን የያዘው እትም ለተጠቃሚ የተሰራጨው በ2012 ነበር።

ይህ ከሆነ ዘንድ ዋናው ጥያቄ ይከተላል። መመርመሪያው አንድን ማሽን ከፈተሸ በኋላ ይህን ቁጥር ከወዴት ያመጣዋል? መልሱ ከአንድ በላይ ነው፤ መልሱን አለማወቅ የሚያስከትለውን ኪሳራም በምሳሌ ማየት ይቻላል። በመልካ ጀብዱ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ፋብሪካ አለ ይባል። ፋብሪካው አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ጥቂት ሰርቨሮችና የስፌት መሥመሩን የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች አሉት። ዕቃው በባቡር ሊጫን ሁለት ቀን ሲቀረው መመርመሪያው ብዙ ገጽ ያለው ሪፖርት ያወጣል። ባለሙያው ሁሉንም በሁለት ቀን ሊያርም አይችልም፤ ምርቱን ማስቆምም አይፈቀድለትም። ስለዚህ የትኛው መስመር እውነት፣ የትኛው ግምት እንደሆነ መለየት ግዴታው ይሆናል።

አንደኛው መንገድ በእትም ማንበብ ነው። መመርመሪያው የሰርቨሩን በር ያንኳኳል፤ ሰርቨሩም ስሙንና የእትሙን ቁጥር ይመልሳል። መመርመሪያው ይህን መልስ ሲፒኢ ወደተባለው መደበኛ የምርት ስያሜ ለውጦ፣ ብሔራዊ የክፍተቶች ቋት የሚባለውንና በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የሚጠበቀውን መዝገብ ይጠይቃል፤ በዚያ እትም ላይ የተመዘገቡትን መለያዎችም በሙሉ ይዘረዝራል። መንገዱ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቤቱን ሳይገቡ በደጁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ ስለ ነዋሪው እንደ መፍረድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው መንገድ በጠባይ መፈተን ነው። ክፍተቱ ያለበት ፕሮግራም ለአንድ የተለየ ጥያቄ የተለየ መልስ ይሰጣል። የፈተናው ደራሲ ጥያቄውን ሲያዘጋጅ የመለያውን ቁጥር ከፈተናው ጋር በእጁ አያይዞ ይጽፋል። እዚህ ላይ ግንኙነቱን የሚፈጥረው የሰው ውሳኔ ነው፤ ስለሆነም የደራሲው ጥንቃቄ ወይም ቸልተኝነት በቀጥታ ወደ ሪፖርቱ ይተላለፋል።

ሦስተኛው መንገድ ገብቶ ማየት ነው። መመርመሪያው በተሰጠው የይለፍ ቃል ወደ ማሽኑ ይገባል፤ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ከነሙሉ ቁጥራቸው ያነብባል፤ ከዚያም ሠሪው ድርጅት ራሱ ካወጣው የማረሚያ ማስታወቂያ ጋር ያመሳክራል። ከሦስቱ ይበልጥ የሚታመነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ማረሚያው የሚመሰክረው ማረሚያውን የሠራው ድርጅት ነው።

የመጀመሪያውና የሦስተኛው መንገድ ልዩነት በሃርትብሊድ ጉዳይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክፍተቱ በኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. እትም 1.0.1 ጀምሮ እስከ 1.0.1ኤፍ ድረስ የነበረ ሲሆን፣ የታረመው በ1.0.1ጂ ነው። ሬድ ሃት የተባለው ድርጅት ግን ለደንበኞቹ አዲሱን እትም አልሰጠም። ቀድሞ በነበረው 1.0.1ኢ ላይ ማረሚያውን ብቻ ተክሎ የጥቅሉን የመጨረሻ ቁጥር ለወጠ። እንግዲህ ከደጅ የሚያነብበው መመርመሪያ «1.0.1ኢ» የሚለውን አይቶ ክፍተት አለ ይላል፤ ገብቶ ያየው ደግሞ ታርሟል ይላል። በምሳሌው ፋብሪካ ያለው ባለሙያ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሰርቨሩን ቢያስቆም፣ ለሌለ በሽታ መድኃኒት ሲፈልግ ባቡሩ ያመልጠዋል።

የቁጥሮቹ ግንኙነት ሁልጊዜ አንድ ለአንድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ኤም.ኤስ. 17-010 በሚል ቁጥር ያወጣው አንድ ማስታወቂያ ከሲቪኢ-2017-0143 እስከ 0148 ያሉትን ስድስት መለያዎች በአንድነት ይሸፍናል። አንዱ መመርመሪያ ይህን እንደ አንድ ግኝት ሲያቀርበው ሌላው እንደ ስድስት ሊያቀርበው ይችላል፤ ክፍተቱ ግን አልጨመረም አልቀነሰም። በመሆኑም የግኝቶችን ብዛት ቆጥሮ «ባለፈው ወር ስድሳ ነበር፣ ዘንድሮ አርባ ሆነ» የሚል ዘገባ ለሥራ አስኪያጅ ማቅረብ መሣሪያን ከመለወጥ በስተቀር ምንም ላያሳይ ይችላል። በዚያው ማስታወቂያ የታረመውን ሲቪኢ-2017-0144ን ተጠቅሞ ዋናክራይ የተባለው ተባይ በግንቦት 2017 ከ150 በላይ ሀገሮችን ሲያጠቃ፣ ማረሚያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

ከዚህም ሌላ በዕቃ ውስጥ የተደበቀ ዕቃ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የታወጀው ሲቪኢ-2021-44228 ሎግ4ጄ በተባለና በብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ በተቀመጠ አንድ ትንሽ ክፍል የተገኘ ነበር። ከውጭ የሚያነብብ መመርመሪያ የሚያየው የትልቁን ፕሮግራም ስም እንጂ የውስጡን ስላልሆነ ክፍተቱን ሳያይ ያልፋል። የመጀመሪያው ማረሚያ ያልተሟላ ሆኖ በመገኘቱም ሲቪኢ-2021-45046 የሚል ሁለተኛ መለያ ተከተለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር ከዝርዝሩ የሰረዘ ሰው ሥራው ያለቀለት መስሎት ሊያርፍ አይገባም ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ስህተቱ ከዚህም ያነሰ ነው። ተራ ቁጥሩ ቀድሞ በአራት አኃዝ የተወሰነ ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ ግን ከአራት በላይ እንዲሆን ተፈቀደ። ይህን ያልጠበቀ ፕሮግራም አምስተኛውን አኃዝ ቆርጦ ቢጥል፣ 10001 የሚለው 1000 ሆኖ ስለ ሌላ ክፍተት ይናገራል። የኮንቴነር ቁጥር የማረጋገጫ አኃዝ ስላለው እንዲህ ያለውን ስህተት ራሱ ያጋልጣል፤ ሲቪኢ ግን ይህ የለውም።

መለያ ቁጥር የክብደት ሚዛን አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ክብደቱን የሚለካው ከ0 እስከ 10 የሚደርሰው ሲቪኤስኤስ የተባለ ሌላ መመዘኛ ነው። ሃርትብሊድ በዘመኑ መመዘኛ የተሰጠው 5.0 ብቻ ነበር፤ ሆኖም ዓለምን አስጨንቋል። ከነጥቡ ጎን ለጎን ክፍተቱ በእርግጥ በአጥቂዎች እጅ እየዋለ መሆኑን መጠየቅ ያሻል። የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲሳ ከኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣው ጥቃት የተፈጸመባቸው ክፍተቶች ዝርዝር ለዚህ ይረዳል፤ ማንም ሰው በነጻ ሊያነብበው ይችላል።

እስካሁን የተነገረው ስም ስላላቸው ክፍተቶች ነው። ትልቁ አደጋ ግን ስም የሌላቸው ዘንድ ነው። በምሳሌው ፋብሪካ የስፌት መሥመሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ አቅራቢው ሲተክለው በነበረው የይለፍ ቃል እየሠራ ነው ይባል። ይህ የአንድ ቦታ የአጠቃቀም ጉድለት ስለሆነ የሲቪኢ ቁጥር የለውም፤ ቢበዛ ሲደብልዩኢ በተባለው የስህተት ዓይነቶች መዝገብ ከዓይነቱ ጋር ይመደባል። ሪፖርቱ በመለያ ቁጥርና በነጥብ ከተደረደረ ይህ ግኝት «ለመረጃ ያህል» ተብሎ በመጨረሻው ገጽ ይቀመጣል። ለአጥቂ ግን ከሁሉ የቀለለው በር እርሱ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም። አንድ የሀገር ውስጥ ድርጅት ለፋብሪካዎች የደመወዝ ወይም የመጋዘን ፕሮግራም ሠርቶ ቢሸጥና ክፍተት ቢኖርበት፣ ቁጥር እስካልተጠየቀለት ድረስ በመዝገቡ አይገባም። በመዝገቡ ያልገባውን ደግሞ በመዝገብ የሚሠራ መመርመሪያ አያውቀውም። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ጤንነት ይቆጠራል። በሽታው ስላልተሰየመ ብቻ በሽተኛው ድኗል የሚል ሐኪም ግን የለም። ቁጥር መጠየቅ ለማንም የተከለከለ አይደለም። የሚመለከተው ስም ሰጪ ተቋም በሌለበት ጊዜ ጥያቄው ለማይተር ራሱ ሊቀርብ ይችላል። የጎደለው ልማዱ ነው፤ ጉድለትን ማመን እንደ ውርደት ስለሚታይ ሠሪው ይደብቀዋል፣ ገዢውም አይጠይቅም።

መዝገቡም ዘላለማዊ አይደለም። ማይተር መዝገቡን የሚያስተዳድረው በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ውሉ ሊያበቃ የአንድ ቀን ዕድሜ ሲቀረው ነበር የተራዘመው። በቀጣዩ ወር የአውሮፓ ኅብረት የራሱን የክፍተቶች ቋት ሥራ ላይ አውሏል። ስሞች በበዙ ቁጥር ከ1999 በፊት የነበረው ግራ መጋባት እንዳይመለስ መጠንቀቅ የየሀገሩ ባለሙያ ኃላፊነት ነው፤ የመልካ ጀብዱ ባለሙያ ሳይቀር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ግኝት በየትኛው መንገድ እንደተገኘ፣ ይኸውም በደጅ ንባብ፣ በፈተና ወይም በውስጥ ምርመራ መሆኑ፣ በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በደጅ ንባብ ብቻ የተገኘ ግኝት በሠሪው ማስታወቂያ ሳይረጋገጥ ምርት አይቁም። ሦስተኛ፣ ቁጥር የሌላቸው ግኝቶች በተለየ ገጽ ቀርበው አስቀድመው ይነበቡ። አራተኛ፣ የቆዩ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች በምርመራ ጥያቄ ብቻ ሊደነዝዙ ስለሚችሉ፣ ፈተናው መሥመሩ በሚያርፍበት ሰዓት ይደረግ። አምስተኛ፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ኮምፒዩተር መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ መርማሪው የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ሳይይዝ ሥራ አይጀምር።

የምሳሌው ባለሙያ ይህን ሥርዓት ቢከተል፣ በመጀመሪያው ገጽ በቀይ የተጻፈው ሃርትብሊድ የታረመ መሆኑን በጥቂት ደቂቃ ያረጋግጣል። በመጨረሻው ገጽ ያለውን የይለፍ ቃል ደግሞ በዚያው ማለዳ ይለውጣል። ምርቱ አይቆምም፤ ኮንቴነሩም ቁጥሩን እንደያዘ በሰዓቱ ወደ ጅቡቲ ይጓዛል። መለያ ቁጥር ባለሙያዎች የሚገናኙበት መልካ ነው። መሻገሪያው የት እንዳለ ያሳያል፤ የውኃውን ጥልቀት መለካት ግን የተሻጋሪው ፈንታ ነው።