ከጎሮ የተነሳው ዛፍ

ከድሬዳዋ ወጥተን ወደ አፋር በሚዘልቀው ቆላ ስንጓዝ አንድ እሾሃም ዛፍ እናገኛለን፤ ፕሮሶፒስ።

ዛፉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደተተከለ ጥናቶች ያመለክታሉ። የታሰበው በረሃውን ለማልበስ ነበር። እንስሳቱ ግን ጣፋጩን ፍሬ እየበሉ ዘሩን ከፋንድያቸው ጋር አዛመቱት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውኃና መሬት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ወረራውን የለኩበት መንገድ ያስደንቃል። መጀመሪያ ዛፉ ያለበትንና የሌለበትን ቦታ መስክ ወርደው መዘገቡ፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተምሮ የሳተላይት ምስሉን አንብቦ የወረራውን ካርታ ሠራ። በአፋር ክልል ብቻ ወደ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ተወርሯል። ቀጥለው ግንዱ ውስጥ ቀጫጭን መርፌዎች ሰኩ። አንዱ መርፌ ጥቂት ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱ ከዛፉ ፈሳሽ ጋር ሽቅብ የሚሄድበት ፍጥነት ዛፉ ስንት ውኃ እንደሚጠጣ ይናገራል። የክልሉ ድምር በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ሆነ። የጉድጓድ ውኃ ለምትጠጣው ድሬዳዋ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ዛፉ በወረረበት ቦታ ግጦሹ መጥፋቱን አርብቶ አደሩ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ካርታው የሚጨምርለት ወረራው ገና ያልጠነከረበትን ቦታ ነው፤ እዚያ ቡቃያውን ከነሥሩ መንቀል ይቻላል። ቆርጦ መተው አይበጅም፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ፍሬውን ግን እንስሳቱ ሳይቀድሙ ሰብስቦ መፍጨት ዘሩን ይገድላል፤ ዱቄቱም መኖ ይሆናል።